አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ገንዘቡን ከፍሎ ሶፍትዌር የገዛ ሰው ዲስኩ ቢጫጫርበት ምን ያድርግ? መልሱ ቀላል መሆን ነበረበት፤ አስቀድሞ የቀዳውን መጠባበቂያ ቅጂ አውጥቶ ይጠቀማላ!

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 117 የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ የገዛ ሰው ለመጠባበቂያ እንዲቀዳ ይፈቅዳል። የአውሮፓ ማኅበረሰብም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የሶፍትዌር መመሪያ፣ ፕሮግራሙን ለመጠቀም የሚያስፈልግ መጠባበቂያ ቅጂ በውል ሊከለከል እንደማይችል ደንግጓል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ሕግ የፈቀደውን አምራቹ ቆለፈው።

በ2000ዎቹ በብዙ የኮምፒውተር ጌሞች ላይ ይገጠም የነበረውን ሴፍዲስክ የተባለ ቁልፍ እንውሰድ። ዲስኩ ፋብሪካ ውስጥ ሲታተም፣ ተራ የሲዲ መቅጃ በትክክል ሊደግመው የማይችለው ምልክት ይቀመጥበታል። ጌሙ ሲከፈት ምልክቱን ይፈልጋል፤ ካጣ አይሠራም። ባለንብረቱ ለራሱ የቀዳውም ሆነ ሌባ ለገበያ ያባዛው ለዚህ ቁልፍ ያው አንድ ነው።

ቁልፉን የሚከፍት መሣሪያ ገዝቶ መገላገልስ? በ1998 የወጣው የአሜሪካ ዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ያለውን መሣሪያ መሸጥ ከለከለ። 321 ስቱዲዮስ የተባለ ኩባንያ ሰዎች የገዙትን ዲቪዲ ለመጠባበቂያ እንዲቀዱ የሚያስችል ፕሮግራም ይሸጥ ነበር። በየካቲት 2004 የሳን ፍራንሲስኮ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሽያጩን አገደ። ደንበኛው ፕሮግራሙን ለሕጋዊ ዓላማ መጠቀሙ ሻጩን ከተጠያቂነት አያድነውም ተባለ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ተዘጋ። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሳት ማለት ይህ ነው።

የአምራቾቹ ክርክር ይታወቃል፤ ሌብነት አለ፣ ፕሮግራም ሠሪው ከላቡ መብላት አለበት ይላሉ። እውነት ነው። ግን ቁልፉ ማንን አስቆመ? ቁልፋቸው የተሰበረ ጌሞች በኢንተርኔት ተሠራጩ፤ እነዚህ ዲስክ አስገባ እንኳ አይሉም። ዲስኩን ታቅፎ የቀረው የከፈለው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

የባሰም አለ። የሴፍዲስክ ድራይቨር ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። በ2007 በዚሁ ድራይቨር ውስጥ ለሰርጎ ገቦች የሚመች ቀዳዳ ተገኘና ማይክሮሶፍት ማስተካከያ ለማውጣት ተገደደ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ደግሞ ድራይቨሩ ጭራሽ ተተወ። በዚህም ምክንያት በሕጋዊ መንገድ የተገዙ፣ አንድም ጭረት የሌለባቸው ዲስኮች በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልነሣ አሉ። አንዳንድ ጌሞች አምራቹ ቁልፉን የሚያነሣ ማሻሻያ ስላወጣላቸው ተርፈዋል። ለቀሩት ገዢዎች ግን የነበራቸው ምርጫ አሮጌ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ወይም ከፍለው የሸሹትን የተሰበረ ቅጂ መፈለግ ነበር። ታማኙን ደንበኛ ወደ ሌባው ደጅ የላከው ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ቁልፉ ነው።

ዛሬ ዲስክ እየቀረ ነው ብሎ ጉዳዩን መተው አይቻልም። ቁልፉ ከዲስኩ ወደ ሻጩ ሰርቨር ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ሰርቨሩ የተዘጋ ቀን የገዢው ዕጣ ያው ነው።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ሁለት ነገር ሊያደርጉ ይገባል። አንደኛ፣ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ቁልፍ መክፈትን፣ መክፈቻውን መሸጥንም ጭምር፣ በግልጽ ይፍቀዱ። ሁለተኛ፣ ለምርቱ ድጋፍ መስጠት ያቆመ አምራች ቁልፉን አንሥቶ እንዲሄድ ያስገድዱ። መብት ከሆነ ከነመክፈቻው ይሰጥ።