«ተላላ» ሲሏት ደላላው የት ሄደ?

አማርኛችን በሰው ቃል ቶሎ የሚሸነፍን ሰው የሚጠራበት ስም ሞልቶታል። ሞኝ፣ ቂል፣ ጅል፣ ተላላ፣ የዋህ፣ ገራገር፤ የአሁን ልጆች ደግሞ ፋራ ይላሉ። ሁሉም ግን እኩል አይመዝኑም። የዋህ በቤተ ክርስቲያን ሙገሳ ነው። እናት ልጇን «የዋህ ናት» ስትል ክፋት የላትም ማለቷ ነው። ያቺው ልጅ የሁለት ዓመት ደሞዟን ተበልታ ስትመለስ ግን ያው ቃል ድምፁ ይቀየራል፦ «ምን ታድርግ፣ የዋህ ናት እኮ!» ተላላ ከተባለች ደግሞ በቃ፣ ጥፋቱ የራሷ ሆኖ ያርፋል።

አርብ ቀን ሚርቃብ አውቶቡስ መያዣው አካባቢ ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ እነዚህ ቃላት አይጠፉም። «እሷማ ያሏትን ሁሉ ታምናለች።» «በሰው አፍ ነው የምትነዳው።» ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ሌላ ሴት ነው። እንደኔ እንደኔ እንዲህ የምንለው ለራሳችን መጽናኛ ነው። እሷ ላይ የደረሰው እኔ ላይ አይደርስም፣ እኔ እንደሷ ተላላ አይደለሁማ!

ቃሉ የሚናገረው ስለ ሴትየዋ ጠባይ ብቻ ነው። ማን እንደዋሻት፣ ምን ብሎ እንደዋሻት፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደወሰደባት አንድም አይናገርም። ተላላና ደላላ እንዲህ ቤት ይመታሉ፤ ስሟ የሚነሳው ግን የተላላዋ ብቻ ነው።

እስቲ እንዴት እንደምናምን እናስብ። ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አግዶ ነበር። መሄዱ ግን አልቆመም። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ለብዙ ልጅ ስለ ኩዌት የሚነግራት ሰው ደላላው ብቻ ሆነ። እሱ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ወይም የአክስት ባል ነው፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ አብሮ የሚቀመጥ። ሌላ የምትጠይቀው ሰው የሌላት ልጅ እሱን ማመኗ ምኑ ነው ተላላነት? እዚህ ስትደርስ ደግሞ ስልኳ ይወሰዳል፣ ዐረብኛው ገና ነው፣ በሩ ይቆለፋል። ከዚያ ማዳም ፈገግ ብላ «አንቲ ሚስል ቢንቲ» ትላታለች፣ እንደ ልጄ ነሽ። ደሞዝሽ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ስትሄጂ አንድ ላይ ትወስጂዋለሽ። ስድስት ወር ደግ ቃል ሳይሰማ የኖረ ጆሮ ይህንን ቢያምን አይፈረድበትም። ማንም ሰው ቢሆን ከሰው ከተነጠለና የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ከሆነ በዚያ ድምፅ መነዳቱ አይቀርም። ትምህርት አያድነውም።

«ሚስኪና» የሚለውንም ልብ በሉት። እኛ ምስኪን ስንል እናዝናለን። አንዳንድ ቤት ግን «የኛዋ ሚስኪና ናት» የሚባለው ምንም ስለማትጠይቅ ነው። የእረፍት ቀን አትጠይቅም፣ ደሞዝ አታስታውስም። ሙገሳ መስሏችሁ ደስ እንዳይላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እነዚህ ስሞች ወሬ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ችግሩ ሴቲቱ ራሷ ትቀበላቸውና አቤቱታ ስታቀርብ ይዛቸው መግባቷ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ስትባል «ሞኝ ሆኜ ነው፣ እኔው ነኝ ፓስፖርቴን የሰጠኋት» ትላለች። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቁጥር 68፣ አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷንም ሆነ ሲቪል አይዲዋን መያዝ እንደማይችል ይላል። «ያለ ፈቃድ» የምትለዋን ቃል እዩዋት። «እኔው ሰጠኋት» ስትይ ፈቅጃለሁ ያልሽ ሊመስል ይችላል። የሆነው ግን ሌላ ነው፦ «ለኢቃማ ነው ብላ ወሰደችው፣ ስጠይቃት ከለከለችኝ።» እውነቱ ይሄ ከሆነ የሚነገረውም ይሄ ነው። ራስሽን ሰድበሽ አታሳጥሪው።

የተታለለ ሰው «ፈቅዶ ነው» እንዳይባል ሕጉ ራሱ አስቦበታል። ኢትዮጵያም ኩዌትም የተቀበሉት እ.ኤ.አ. የ2000 የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ንግድ ፕሮቶኮል ሰውን ለመበዝበዝ ማታለል ወይም ችግረኛነቱን መጠቀም ካለበት የተበዳዩ «እሺ» ማለት ዋጋ የለውም ይላል። የኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 እንደዚሁ ነው። ሞኝ ነበርሽ ወይስ ብልጥ ብሎ የሚጠይቅ አንቀጽ የለም። የሚጠየቀው ሌላኛው ሰው ያደረገው ነው። ሆስፒታል ውስጥ ታጸጃለሽ ተብለሽ መጥተሽ ሰው ቤት ከገባሽ፣ «አመንኩት» ከማለትሽ በፊት «ሆስፒታል ነው አለኝ» በይ። ቀኑን፣ ስንት ብር እንደተቀበለሽና ማን አብሮ እንደነበረ ጨምሪበት። የሚያስታውሱት ነገር ቀን በገፋ ቁጥር ይደበዝዛልና ቶሎ ጻፊው፣ ካልሆነም ለምታምኛት ጓደኛ በድምፅ ላኪላት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲተረት ለስድብ ነው። እኔ ግን ለቤት ሠራተኛ ከዚህ የሚሻል ተረት አላውቅም። ውልሽን፣ ቪዛሽን፣ ገንዘብ የላክሽበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሺና አገር ቤት ላለ ሰው ላኪው። ስልኩ ቢወሰድም ወረቀቱ ይተርፋል።

የእነዚህ ስሞች ጉዳት አገር ቤትም ይከተላል። ብዙዋ ተመላሽ ዝም ትላለች፣ «ቂል ሆና ተበላች» እንዳትባል። ለእናቷም አትናገርም፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ራሷን ስትወቅስ ታነጋለች። እሷ ዝም ስትል ደላላው የሚቀጥለውን ቤት ያንኳኳል። ኤጀንሲ ከሠራተኛዋ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል እንደማይችል የኢትዮጵያም የኩዌትም ሕግ እየደነገገ እሱ ብር ይቆጥራል። ደላላ ከሚተማመንባቸው ነገሮች አንዱ የእኛ እፍረት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ስለዚህ በሚቀጥለው አርብ አንዷ ሚርቃብ ላይ አጠገባችሁ ተቀምጣ ማልቀስ ብትጀምር «እንዴት ታምኛለሽ?» የሚለውን ተዉላት። ማን ነገረሽ? ምን ብሎ? ስንት ሰጠሽው? ስልክ ቁጥሩ አለሽ?