ስለ አፍና ስለ ምላስ መደንዘዝ

ምላስ ለሦስት ታላላቅ ሥራዎች የተመደበ ብልት ነው፤ ይኸውም ለመናገር፥ ለመቅመስና የታኘከውን እህል ለመዋጥ ነው። ስለዚህ ምላስ ወይም ከንፈር በደነዘዘ ጊዜ፥ ጉንዳን እንደሚሄድበትም ሆኖ ውርር ባለ ጊዜ፥ ሰው ከእጁ ወይም ከእግሩ መደንዘዝ ይልቅ ይደነግጣል። ነገር ግን መደንገጥ ብቻውን ማስተዋል አይደለም። እንዲህ ካለው ምልክት አንዳንዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በገዛ ራሱ የሚያልፍ ነው፤ አንዳንዱ ከሰውነት ጉድለት የመጣ ስለ ሆነ ተመርምሮ በቀስታ የሚታከም ነው፤ አንዳንዱ ግን ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። ቀላሉን ከከባዱ ለይቶ ማወቅ ለቤት አባትና ለቤት እመቤት የሚገባ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ነገር በአጭሩ እንገልጻለን።

አስቀድሞ የነገሩ ሥር ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል። ከአንጎል የሚነሡ 12 ጥንድ የስሜት ጅማቶች አሉ፤ ሐኪሞች ነርቭ ይሏቸዋል። ከነዚህ አምስተኛው በሦስት ቅርንጫፍ ተከፍሎ የፊትን፥ የከንፈርን፥ የጥርስንና የድድን ስሜት ወደ አንጎል ያደርሳል። ምላስም ከሦስት እጅ ሁለቱ፥ ማለት የፊተኛው ክፍል፥ ሲነካ የሚያውቀው በዚሁ ጅማት ነው፤ የዚህ ክፍል ጣዕም ግን በሰባተኛው ጅማት ይሄዳል። የኋለኛው ሢሶ ደግሞ የዘጠነኛው ድርሻ ነው። እንግዲህ ይህ መንገድ በመነሻው፥ በመካከሉ፥ ወይም በመድረሻው በአንጎል ላይ ሲሰናከል መደንዘዝ ይመጣል።

ዳኛ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ምስክሩን ጊዜውን፥ ቦታውንና አብሮት የነበረውን እንደሚጠይቅ፥ አፉ የደነዘዘበትም ሰው ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል። አንደኛ፥ የመጣው በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ሁለተኛ፥ ያለው በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? ሦስተኛ፥ ብቻውን ነው ወይስ ሌላ ምልክት አስከትሏል?

በድንገት መጥቶ የፊትን ወይም የአፍን አንድ ወገን የያዘ እንደ ሆነ፥ ከዚህም ጋር ክንድ ቢዝል፥ አፍ ቢጣመም፥ ንግግር ቢተሳሰር፥ ይህ ዛሬ ስትሮክ የሚባለው የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቤት እንደሚታየው ሽማግሌው «እንቅልፍ ነው፥ ሲነጋ ይለቀኛል» ይላሉ፤ ቤተ ሰቡም እርሳቸውን ላለማስቈጣት ዝም ይላል፤ ገሚሱም ዘመድ እስኪመጣ ይጠብቃል። ይህ አክብሮት ብዙ ሰው ጐድቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያውም ራሱ በመሣሪያ ታይቶ ደም አለመፍሰሱ ከታወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የጀመረበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ በሽተኛውን ወዲያው መውሰድ ነው። ትን ሊለው ስለሚችል ምግብና መጠጥ አይሰጠው፤ አስፕሪንም ሐኪም ሳያዝ አይሰጠው፤ ደም ፈስሶ እንደ ሆነ ያባብሳልና። ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ቢጠፋም እንኳ ሊከተል ላለው የማስጠንቀቂያ ደወል ስለ ሆነ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር ከምግብ፥ ከመድኃኒት ወይም ከንብ መንደፍ በኋላ የሚመጣው ነው። ለአንዳንድ ሰው ለውዝ፥ እንቍላል፥ ዓሣ፥ ወይም እንደ ፔኒሲሊን ያለ መድኃኒት አይስማማውም። አፉ ይበላዋል፥ ከንፈሩ ይወረዋል። በዚያው ቢቀር ቀላል ነው፤ ምላሱ ቢያብጥ፥ ድምፁ ቢጐረና፥ ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ወይም ሰውነቱ ሁሉ ሽፍ ቢል ግን ሕይወቱ በአደጋ ላይ ነው። መድኃኒቱ አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ስለ ሆነ የቤት መድኃኒት በመፈለግ ጊዜ አይጠፋ።

ከነዚህ ከሁለቱ ቀጥሎ ያሉት የሚያስደነግጡ አይደሉም። ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ከንፈሩና ምላሱ ደንዝዞ ይቈያል። ይህ ማደንዘዣ የተገኘው በምላስ ምስክርነት ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1884 ዓ. ም. በቪየና ካርል ኮለር የተባለ ሐኪም፥ ኮካይን ምላስን እንደሚያደነዝዝ ከባልንጀራው ሰምቶ፥ ምላስን የሚያደነዝዝ ዓይንንም ያደነዝዛል ብሎ ሞከረው፤ ያለ ሕመም የዓይን ቀዶ ጥገና የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ የሚሠራበትን ሊዶካይንን ግን በ1943 ዓ. ም. የስዊድኑ ሊቅ ኒልስ ሎፍግረን አዘጋጀው። በአገራችንም ጥርሱን ያመመው ሰው ቅርንፉድ የሚነክሰው በከንቱ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ዘይት በእርግጥ ያደነዝዛል። እናቶች ግን ይጠንቀቁ፤ ልጅ የደነዘዘ ከንፈሩን ሳያውቀው እያኘከ ያቈስለዋል። ትኵስ ነገርም አይጠጣ። መደንዘዙ እስከ ማግስቱ ካልለቀቀ፥ ይልቁንም የመጨረሻው የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎ እንደ ሆነ፥ በአጠገቡ የሚያልፈው ጅማት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ለነቀለው ሐኪም መንገር ነው፤ አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል።

ከንፈር በአንድ ቦታ ውርር ካለ በኋላ በማግሥቱ ውኃ የቋጠረ ቍስል ቢወጣ፥ ይህ ሕዝቡ «ምች» የሚለው ነው። ምክንያቱ ሄርፐስ የሚባል እጅግ ረቂቅ ተውሳክ ሲሆን፥ አንድ ጊዜ ከገባ በፊት የስሜት ጅማት ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ የፀሐይ ትኵሳት፥ ንዳድና ድካም ይቀሰቅሱታል። እንግዲህ ፀሐይ ነው የመታኝ የሚለው የአባቶች ነገር ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ቅባቱ የሚጠቅመው ውርር ማለት ሲጀምር ቢቀባ ነው። ምች የወጣበት ሰው ግን ሕፃን ከመሳም ይከልከል፤ ለዐዋቂ ቀላል የሆነው ለአራስ ልጅ ገዳይ ሊሆን ይችላልና።

በአፍ ዙሪያና በጣቶች ጫፍ ባንድነት ውርር የሚለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካልሲየም የሚባለው የአጥንት ማዕድን በደም ውስጥ ሲጐድል ነው። በደጋ አገራችን እንቅርት ብዙ ስለ ሆነ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ከእንቅርቱ በስተኋላ ካልሲየምን የሚያስተዳድሩ 4 ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ እንቅርት በቀዶ ጥገና ሲወጣ እነርሱ ሊነኩ ይችላሉ። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት ከንፈሩ የወረረው ወይም ጣቶቹ የተኰማተሩበት ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይናገር። ይኸው ስሜት በድንጋጤ ወይም በኀዘን ጊዜ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስም ይመጣል፤ የደሙ ጠባይ ስለሚለወጥ ካልሲየም በሥራ ላይ ያንሳል። እንዲህ ያለውን ሰው አስቀምጦ ትንፋሹን ቀስ ብሎ እንዲያወጣ ማድረግ ይበቃዋል።

ቀስ በቀስ ለወራት የሚመጣው መደንዘዝ፥ ምላስም ቀልቶና ልሙጥ ሆኖ የሚያቃጥል እንደ ሆነ፥ የቪታሚን ቢ 12 ጉድለት ሊሆን ይችላል። ይህ ንጥረ ነገር የሚገኘው ከሥጋ፥ ከወተትና ከእንቍላል ነው። ጉበት መብላት ከዚህ ጉድለት የሚመጣውን ደም ማነስ እንደሚያድን ላሳዩት ለዊፕል፥ ለማይኖትና ለመርፊ በ1934 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፤ ቪታሚኑ ራሱ ተጣርቶ የተገኘው ግን በ1948 ዓ. ም. ነው። ሰውነት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ በጉበቱ ስለሚያኖር፥ ጾሞ በፍስክ የሚበላ ጤነኛ ሰው በጾም ብቻ በቶሎ አይጐዳም። ይሁን እንጂ ጨጓራቸው የማይቀበል ሽማግሌዎች፥ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ለብዙ ጊዜ የሚወስዱ፥ የእንስሳ ተዋጽኦንም ፈጽመው የተዉ ሰዎች ደማቸውን ያስመርምሩ። ሳይመረመሩ ፎሊክ አሲድ ብቻ መዋጥ ደሙን ያስተካክላል፥ የጅማቱን ጉዳት ግን አይከለክልም።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከንፈሩ ወርሮት ቢያልበውና ቢንቀጠቀጥ፥ ስኳሩ መውረዱ ነውና ልቡናው ሳለ 15 ግራም ያህል፥ ማለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገምለት።

እንግዲህ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፥ የአፍ መደንዘዝ የደረሰበት ሰው ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የበላውንና የወሰደውን መድኃኒት ጽፎ ለሐኪሙ ቢያቀርብ፥ ለሐኪሙ የምርመራውን ግማሽ እንደ ሠራለት ይቈጠራል። ታላላቆቻችንንም የምናከብር ከሆነ፥ «አይዞህ፥ ምንም አይደለም» ሲሉን እሺ ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ ደግፎ አንሥቶ ወደ ሐኪም መውሰድ የበለጠ አክብሮት ነው።