የኢብናት መዝገብ ደብረ ታቦር ይግባ

በ1977 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ከኢብናት የዕርዳታ መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በግዳጅ እንዲወጣ ተደረገ፤ ያደረባቸው ጎጆዎችም ተቃጠሉ። መንግሥት ሰዎቹ ክረምቱ ሳይገባ እርሻቸውን ለማረስ በፈቃዳቸው ወደየቀያቸው እንደሄዱ ተናገረ። በቦታው የነበሩ የዕርዳታ ሠራተኞች ግን ያዩትን ለውጭ ጋዜጠኞች ነገሩ። ወሬው ዓለምን ከዞረ በኋላ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነገሩ የአካባቢ ባለሥልጣናት ስሕተት ነው አሉ። የተባረረው ሕዝብ ቁጥር ዛሬም ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል።

ኢብናት የደቡብ ጎንደር ወረዳ ናት፤ የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አላት። ነገር ግን አንድ ተማሪ ስለ ሰባ ሰባት ረሃብ በሰነድ ተደግፌ ልጻፍ ብሎ ቢነሳ መንገዱ ወደ እንግሊዝ ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን ሰፊ ሥራ ከሠሩት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ኦክስፋም መዛግብቱን እ.ኤ.አ. በ2012 ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አስረክቧል። የሴቭ ዘ ችልድረን ወረቀት በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ የክርስቲያን ኤድ ደግሞ ለንደን ሶአስ ይገኛል። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤውን፣ የመስክ ሪፖርቱንና ፎቶግራፉን ለይተው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ለአንባቢ ክፍት አድርገው ጠብቀዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የሚያንገበግበኝ የእኛ ዝምታ ነው።

ምክንያቱም ግማሹ መዝገብ እዚሁ ነበር። እህሉን ያከፋፈለው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መሥሪያ ቤት ነበረው። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ የተረጂ ስም ዝርዝር ይዞ ነበር። አስተርጓሚው፣ የከባድ መኪናው ሾፌር፣ ቁስል አጣቢዋ፣ መቃብር ቆፋሪው ሁሉም የዚህ አገር ሰዎች ናቸው። የፈረንጁ ሪፖርት እነርሱን በስም አያነሳቸውም፤ ቢያነሳም «የአካባቢው ሠራተኛ» ብሎ ያልፋል። በሰባ ሰባት የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳን ተሻግሯል። የማስታወሻ ደብተር ካለው ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ ሳያውቁ ይጥሉታል፤ ከሌለውም የሚያውቀውን ይዞት ይሄዳል።

ደብረ ታቦር እንዲህ ያለውን ጉዳት ታውቀዋለች። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ሲሠራ ስለነበረው ሁኔታ የምናነበው በአብዛኛው ቫልድማየርን የመሰሉ ሚሲዮናውያን የጻፉትን ነው። ወናፍ የነፋው፣ ከሰል ያከሰለው፣ መድፉን እስከ መቅደላ የጎተተው ሕዝብ በራሱ አንደበት አልተናገረም። ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በጋፋት ስም ሰይሟል። ስያሜው ደግ ነው፤ ለስሙ የሚመጥን የሰነድ ቤትም ያስፈልገዋል።

የጋዜጠኝነቱንም ነገር ላንሳ። የወሎን ረሃብ ያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ደርግ ያንኑ ፊልም በመስከረም 1967 ንጉሡን ሊያወርድ ዋዜማ ለሕዝብ አሳየው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ደግሞ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል በቢቢሲ ወጣ። ኮረም በዚያ ምስል በዓለም ፊት ቆመ፤ ኢብናት ግን በጋዜጣ ዓምድ ውስጥ ቀረች። ከግንቦት 1933 ጀምሮ የሚታተመውን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የ1977 ሚያዝያ ቅጂዎች ከውጭ ጋዜጦች ጎን ዘርግቶ ማንበብ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ታላቅ ትምህርት ነው። ግን የት ተቀምጦ ያንብብ? ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የፈሉት የግል ጋዜጦችማ ስንቶቹ የበርበሬና የስኳር መጠቅለያ ሆነው አለቁ!

ሥዕልም ከዚህ አይለይም። ኒው ዮርክ ያለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሂዩማን ራይትስ ዎችንና የአሜሪካ አምነስቲን መዛግብት ይዟል፤ በዚያው ቤተ መጻሕፍት የኮሚክስ ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት ወረቀቶችም አሉ። በመጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ሰው የደረሰበትን በጽሑፍም በሥዕልም ይመሰክራልና። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ሥዕል የሚተርክ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አይሻም። እኛ ዘንድ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊው ዋናውን ሥዕል ለኅትመት ሰጥቶ መልሶ አያየውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚያሳዩት ባለ ሥዕል የቤተሰብ ጤና መመሪያ አዲስ ሲታተም አሮጌው ይጣላል። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር» እንኳ በየትኛው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ እንደሚገኝ ተማሪዎቻችንን ብትጠይቁ መልስ የምታገኙ አይመስለኝም።

በጦርነት መካከል ስለ ወረቀት ማሰብ ቅንጦት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። መሥሪያ ቤት የሚቃጠለው፣ ፋይል የሚበተነው በጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በነፋስ መውጫ፣ በጦርነቱ የተደፈሩ ሴቶች ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ምስክርነት ሰጥተው፣ ሪፖርቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ወጥቷል። የእነዚያን እናቶችና እኅቶች ቃል እንዲሁ ለሁሉም መግለጥ አይገባም። ለዚህም አሠራር አለ፦ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን ሰነድ የሚረከቡት ለተወሰነ ዓመት ተዘግቶ እንዲቆይና የባለታሪኮቹ ስም እንዲጠበቅ ተዋውለው ነው። የጄኔቩ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ጠቅላላ መዛግብቱን ለ50 ዓመት ይዘጋል። እኛ ቆልፈን የምናቆይበት ክፍል እንኳ የለንም።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችን የምለምነው ብዙ አይደለም። ዝናብና ምስጥ የማይገባው አንድ ክፍል ይለዩ፤ አንድ በሙያው የሠለጠነ ሰው ይመድቡ። ለኦክስፎርድ፣ ለበርሚንግሃምና ለሶአስ ደብዳቤ ጽፈው ይህን አገር የሚመለከተውን ሰነድ ዲጂታል ቅጂ ይጠይቁ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ተማሪዎችን መቅረጸ ድምፅ አስይዘው ወደ ኢብናት፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ይላኩ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ በቤታችሁ የሰባ ሰባት የዕርዳታ ካርድ፣ የገበሬ ማኅበር ደብተር፣ ፎቶግራፍ ወይም የቆየ ጋዜጣ ካለ አትጣሉት፣ አታቃጥሉት። የማን እንደነበረ በጀርባው ጽፋችሁ አኑሩት።