ቅኔ ቤት ካለ ማስተርስ ለምኔ?

ሰሞኑን በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ሲገመገሙ፣ የግእዝና የፊሎሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ተራ ደረሰ። አንድ ኃላፊ የሰጡት አስተያየት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በጀት የለም ቢሉ እረዳቸው ነበር። ተማሪው አነሰ ቢሉም እንከራከራለን እንጂ አይገርመኝም። እሳቸው ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ግእዝ በአብነት ትምህርት ቤቶች ከዩኒቨርሲቲው በተሻለ ስለሚሰጥ ፕሮግራሙን ማስቀጠል ድግግሞሽ ነው አሉ። ለሊቃውንቱ ክብር የቆሙ መስለው ነው የተናገሩት፤ ጭብጨባም አላጡም።

ክብሩን ተቀብለን ክርክሩን እንመርምረው።

ቅኔ ቤት የሚሠራውን ሥራ የሚያውቅ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ያንን ሊደግም ቀርቶ ሊጠጋው እንደማይችል አይጠፋውም። ዋሸራ ወይም ጎንጅ የገባ ተማሪ ግሱንና እርባ ቅምሩን ይዞ ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ መወድስ ደርሶ ቤት እስኪሞላ ድረስ ትናንት ያልነበረ ቅኔ ቆጥሮ ለአስነጋሪው ይነግራል። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ያፍራል። ቋንቋውን የሚማረው ሊያነብበት ብቻ ሳይሆን ሊፈጥርበት ነው። በላቲን ሁለተኛ ዲግሪ የሚይዙ አብዛኞቹ የአውሮፓ ተማሪዎች የቨርጂልን ግጥም ይተነትናሉ እንጂ በላቲን ስንኝ አይቋጥሩም። በዚህ በኩል የሚያስቀናን ነገር የለም።

የፊሎሎጂ ሥራ ግን ሌላ ነው። የዮሐንስ ዘኒቅዩስን ታሪክ እንውሰድ። ዮሐንስ በ7ኛው መቶ ዘመን የኖረ የግብፅ ጳጳስ ነው፤ ዐረቦች ግብፅን ስለያዙበት ጊዜ ከጻፉት መካከል ለዘመኑ እንደ እሱ የቀረበ ጥቂት ነው። የእስክንድርያዋን ፈላስፋ የሂፓቲያን አሟሟትም ተርኳል። መጽሐፉ መጀመሪያ የተጻፈበት ቅጂ ጠፍቷል፤ የዐረብኛ ትርጉሙም ጠፍቷል። የቀረው እ.ኤ.አ. በ1602 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ብቻ ነው። የግሪክ ሰዎችና ከተሞች ስም በዐረብኛ ፊደል አልፎ ሲመጣ ነጥብ እየወደቀ፣ ነጥብ እየተዛወረ ተጣሟል፤ ከምዕራፎቹም ቦታቸውን የለቀቁ አሉ።

መወድስ የሞላ ሊቅ ግእዙን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ያ የተጣመመ ስም የማን እንደሆነ ለመለየት ግን የጠፋውን ዐረብኛ መገመት፣ ከዐረብኛው ጀርባ ግሪኩን መፈለግ፣ ቅጂን ከቅጂ ማስተያየት ያስፈልገዋል። የትርጓሜ መምህራን የንባብ ልዩነት ሲያጋጥማቸው እንደሚያነሡ አውቃለሁ፤ አንድምታው ምስክር ነው። የዮሐንስን ግሪክ የሚያፈላልግ ጉባኤ ግን የለም፤ እንዲያፈላልግም ማንም አልጠየቀው። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1883 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ያሳተመው ፓሪስ የነበረው ሄርማን ዞተንበርግ ነው። በኃላፊው ስሌት ዞተንበርግም ድግግሞሽ ሠርቷል ማለት ነው።

ደግሞስ የአብነት ትምህርት ቤት ልጆች ራሳቸው ይህን ስሌት መቼ ተቀበሉት? ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በላይ የጉባኤ ልጅ ከየት ይመጣል! ኢየሩሳሌም ተቀምጠው ዕብራይስጥና ሱርስት፣ ዐረብኛም የተማሩት ግእዝ ጎድሏቸው አልነበረም። የግእዝን ግስ ከእኅት ቋንቋዎቹ ጋር ካላስተያዩት ሙሉ መዝገበ ቃላት እንደማይወጣው ስለገባቸው ነው። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን እሳቸው ቀጠሉት፤ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። በሦስት ሰዎች ዕድሜ የተሠራ ሥራ በየትኛው የፕሮግራም ግምገማ ቅጽ ላይ እንደሚሞላ እንጃ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው ካይሮና ቱቢንገን ባይሻገሩ ኖሮ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የተከማቸውን የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ካታሎግ የሚያደርግልን ማን ነበር?

ይሁን፤ ኃላፊው ትክክል ናቸው እንበል። ቅኔ ቤት ዲግሪውን የሚተካ ከሆነ፣ ጉባኤ ዘርግተው ደቀ መዛሙርት ያፈሩ አንድ የቅኔ መምህር ነገ ጠዋት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ ቢሄዱ ምን ይጠየቃሉ? የመጀመሪያ ዲግሪ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። የአገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና ውጤት፤ ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ማስመስከራቸው፣ መመረቃቸው፣ ያስተማሩበት ዘመን አንድ ክሬዲት እንኳ አያስገኝላቸውም። በላይኛው ፎቅ አዳራሽ ቅኔ ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው ይበልጣል፤ በምድር ቤቱ መስኮት ስምንተኛ ክፍልን አያህልም። ሁለቱም ቢሮዎች በአንድ ማኅተም ነው የሚሠሩት።

ድግግሞሹን በማስቀረት የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ዋሸራ ይላክ ያለም ሰው በስብሰባው አልተነሣም። ክብሩ እስከ ጭብጨባው ድረስ ነበር።

(በዚህ መካከል የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» በተባለ ፕሮጀክት የእኛን ብራናዎች እየመዘገበና እየተነተነ ነው። የታቀደው እስከ 2040 ነው። በጀርመን አገር ቅኔ ቤት ስለሌለ ይሆናል እንዲህ የተጨነቁት።)

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ሊኖር ለሚገባው ፕሮግራም ጥብቅና ነው። ያለውስ? ኃላፊው ያላነሡትን ላንሣላቸው። ከሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ አንድ ገድል ወይም ድርሳን ይይዛሉ፤ ሦስት አራት ቅጂ ያስተያያሉ፤ ይተረጉማሉ፤ መቅድም ይጽፋሉ፤ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። ታትሞ አንባቢ እጅ የገባው ጥቂት ነው። ስለ ግእዝ የተጻፈው ጽሑፍ ራሱ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ብራናውን ያስነበቡት የደብሩ መሪጌታ ስለ መጽሐፋቸው ምን እንደተባለ አያነቡትም። ከላይ ስለ ዮሐንስ ዘኒቅዩስ ስፎክርበት የነበረውን ግሪክ ወይም ዐረብኛ ሳይዝ የሚመረቀውም ብዙ ነው፤ ቋንቋዎቹን የሚያስተምር መምህር ካልተቀጠረለት ከየት ያምጣው? ኃላፊው በዚህ ቢመጡብን ኖሮ ስብሰባው ረዘም፣ መልሳችንም አጠር ይል ነበር።

መፍትሔው የሬጅስትራሩን መስኮት ለጉባኤው ምሩቅ መክፈት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። መሪጌታው የእውቀታቸውን ልክ በፈተና ያሳዩ፣ ግሪኩንና ዐረብኛውን ከዩኒቨርሲቲው ይማሩ፣ ዲግሪውን ይያዙ ነው የሚሉት። ሐሳቡ ደስ ይለኛል፤ ከኃላፊው ሐሳብ በብዙ እጥፍ ይሻላል። ሆኖም ዲግሪ ደመወዝ አለው፤ ጉባኤ የለውም። ከየጉባኤው ቤት የሞሉት ጎበዞች ተመርጠው ከተማ ከገቡ በኋላ፣ ማስተርሱን ሲጨርሱ ስንቱ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ጉባኤ ይዘረጋል? ካልተመለሱ ዩኒቨርሲቲው ቅኔ ቤቱን አልደገመውም፤ አራቆተው። መስኮቱ ከተዘጋባቸው ደግሞ ብራናው ሐምቡርግ እየተነበበ እኛ እዚህ ስለ ድግግሞሽ እንወያያለን። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ከወዳጆቼ ጋር ገና አልተስማማንም፤ እኔም ከራሴ ጋር።