መኪናው ሲያረጅ እናውቃለን

ይህን የምጽፈው ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ሆኜ ነው። ከፊቴ ወደ ስልሳ መኪና አለ፤ እኔ ጊዜ አለኝ፤ እናንተም ቡናችሁን ያዙና ታገሱኝ።

ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ቦታ አንድ የማከብራቸው ጋሼ መስኮቴን አንኳኩ። 68 ዓመታቸው ነው፤ እዚህ ከተማ 24 ዓመት ነድተዋል። «ልጄ፣ ሌሊት ልሞክር አስቤ ነበር፤ የሌሊቱ ሥራ እንዴት ነው?» አሉኝ። የዓይን ሞራ ከተገፈፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ምነው ስላቸው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ከሶሻል ሴኩሪቲ የተላከ ደብዳቤ ነው። በወር የሚደርሳቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ግን የተከራዩትን ቤዝመንት ግማሹን እንኳ አይከፍልም።

«እኔኮ በታክስ ብልጥ ነበርኩ» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ብልጠቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ካሽ የገባው ሳይጻፍ ይቀራል። ታክስ የሚሠራልን ሰው «ገቢህን ስንት ላድርገው?» ይላል። ጥያቄው ሊያስደነግጠን ሲገባ፣ እኛ «ጎበዝ ነው፣ ምንም አያስከፍልም» ብለን ስልኩን ለጓደኛ እናቀብላለን። ወንጀል መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እሱን ለሕግ ሰዎች ልተወው። ዛሬ የማወራው ስለ ሒሳቡ ነው። አገር ቤት መሐንዲስ ነበርኩ፤ እዚያ መንገድ እሠራ ነበር፣ እዚህ መንገድ ላይ እሠራለሁ፤ በቁጥር ካላየሁት ነገር አይዋጥልኝም።

ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል። በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ስለሆነ አሥር ዓመት ማለት ነው። ብዙዎቻችን «አርባዬን ሞልቻለሁ» ብለን እዚህ ላይ እንተኛለን። አርባው ግን በሩን ብቻ ነው የሚከፍተው። የሚከፈለን መጠን የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ካስመዘገብንባቸው 35 ዓመታት አማካይ ነው፤ 35 ካልሞላ የጎደለው በዜሮ ይሞላል። እኔ የመጣሁት በ33 ዓመቴ ነው። እስከ 67 አንድም ዓመት ሳላቋርጥ ብሠራ 34 ነው፤ አንዷን ዜሮ ከአገሬ ይዣት መጥቻለሁ ማለት ነው። በ45 ዓመቱ የመጣውን አስቡት።

እስቲ ሁለት ሹፌሮች እንውሰድ። ሁለቱም በ2025 62 ዓመት ይሞላቸዋል፤ ሁለቱም 24 ዓመት ሠርተው ጡረታውን በ67 ይጀምራሉ። አንደኛው በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ በየዓመቱ 9,000 ዶላር አለው፣ ሁለተኛው 20,000። ያለፈው ዘመን ገቢ በዛሬ የሚስተካከልበትን ስሌት ለማቅለል ትቼዋለሁ። በ35 ዓመት ሲካፈል የአንደኛው ወርሃዊ አማካይ 514 ዶላር፣ የሁለተኛው 1,143 ይሆናል። ለእነሱ ዕድሜ ሕጉ ከአማካዩ የመጀመሪያውን 1,226 ዶላር 90 በመቶ ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ነው ወደ 32 በመቶ የሚወርደው። ልብ በሉ፣ ቀመሩ የተሠራው እንደኛ አነስተኛ ገቢ ላለው እንዲያደላ ነው። ስለዚህ አንደኛው በወር ወደ 460፣ ሁለተኛው ወደ 1,030 ዶላር ያገኛል።

ሁለተኛው ለዚህ ስንት ከፈለ? በ11,000 ልዩነት ላይ 15.3 በመቶ፣ በዓመት ወደ 1,680፤ በ24 ዓመት ወደ 40,000 ዶላር። የገቢ ግብሩ ለብቻው ነው፤ በዚህ ገቢ ልጆች ላሉት ሰው ብዙ አይሆንም። በወር 570 ብልጫ እያገኘ 40,000ውን በስድስት ዓመት ገደማ ይመልሰዋል። ከ73 ዓመቱ በኋላ ያለው፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ትርፍ ነው። ልጅ ስታሳድግ ቤት የዋለች ባለቤት ካለችው ደግሞ እሷም በሱ መዝገብ እስከ ግማሹ ሊደርሳት ይችላል። የጋሼ ብልጠት የእትዬንም ድርሻ ነው የበላው።

የሚገባንን ወጪ መቀነስ ሌላ ነገር ነው። በ2025 ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነስ ነበር፤ ማይላችሁን መዝግባችሁ ቀንሱ፣ መብታችሁ ነው። ግን በዚያ 70 ሳንቲም ውስጥ የመኪናው እርጅና አለ። የኔን በ22,000 ገዛሁት፤ 200,000 ማይል ነድቼ በ4,000 ብሸጠው በማይል 9 ሳንቲም ያረጃል። 180 ማይል በነዳሁ ቀን 16 ዶላር ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ ከሱ ጥርስ ቢነቀል አልነካም። ይህን ልማድ ከያዝኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው አንድ ሌሊት ወገቤን ይዤ ከመኪና ስወርድ «እኔስ በማይል በስንት ሳንቲም ነው የማረጀው?» ብዬ ራሴን የጠየቅሁት። ለመኪናው ሣጥን ነበረው፣ ለሹፌሩ አልነበረም። አሁን በሳምንት 50 ዶላር ሮት አይ.አር.ኤ ውስጥ ይገባል። «ገንዘቡ ይታሰራል» ለምትሉ፣ ያስገባችሁትን ዋናውን ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል፤ የሚታሰረው ትርፉ ነው።

«እኔ አዲስ አበባ ቤት አለኝ፣ ኪራዩ ይጦረኛል» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሁን፤ አገር ገብቶ ለሚኖር ጥሩ ነው። እዚህ ለሚያረጅ ግን፣ 30,000 ብር ኪራይ ዶላር 57 ብር ሳለ 526 ዶላር ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በ120 ሲመነዘር 250 ሆነ። የዚህ አገር የቤት ኪራይ ደግሞ በብር አይከፈልም።

ጋሼን ያናደዳቸው ሌላ ነው። «አሁን ልክፈልና አስተካክሉልኝ» ብለው ቢሮው ድረስ ሄደው ነበር። የግል ሥራ ገቢ ግን ዓመቱ ካለቀ ከሦስት ዓመት ከሦስት ወር ከ15 ቀን በኋላ በመዝገቡ ላይ አይጨመርም።

መዝገባችሁን በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ በየዓመቱ ተዘርዝሮ ታዩታላችሁ፤ በነጻ ነው። የኔ 2020 ላይ ያለው ቁጥር የሦስት ወር ነው፤ ከመጋቢት በኋላ የወሰድኩት የሥራ አጥ ክፍያ አይቆጠርም። እናንተስ የትኛው ዓመት ላይ ደነገጣችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ማታ እመልሳለሁ። ወረፋው ተንቀሳቀሰ፤ ጋሼም ከኋላዬ ክላክስ እየነፉብኝ ነው።