በስፒከር ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር

ለቤታቸው የሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጡ እናቶችና ሠራተኞች በመጀመሪያ የሚያጋጥማቸው በካርቶኑ ላይ በጉልህ የታተመው የዋት ቁጥር ነው። «ይኸኛው ሁለት ሺህ ዋት ነው» ሲባሉም ለልጆች ልብስ የታሰበውን ገንዘብ ጭምር ቆጥረው የሚሰጡ አሉ።

ዋት የኃይል መለኪያ ነው። ዳሩ ግን በየካርቶኑ የሚጻፈው ዋት አንድ ዓይነት አይደለም። «አር.ኤም.ኤስ.» የተባለው መሣሪያው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል ይገልጻል። «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የተባለው ግን ለቅጽበት ያህል ይደረስበታል የሚባለው ሲሆን፣ ወጥ የሆነ የአለካክ ደንብ ስለሌለው አምራቹ እንደ ልቡ ያሳድገዋል። ማጣራቱ አስቸጋሪ አይደለም። ዕቃውን ዞር አድርጎ ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማየት ነው። ከሶኬት የሚወስደው 60 ዋት ብቻ ከሆነ፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን 2000 ዋት ከወዴት ያመጣዋል? ካልበላው ገለባ ጉልበት የሚያወጣ በሬ አልታየም።

ደግሞም ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ዋቱ ወደ ዐሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ስለሆነም በ40 እና በ50 ዋት መካከል ላለው ልዩነት ብዙ ብር መጨመር አይገባም።

በሳጥኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ትንሿ ክብ፣ ማለትም ቱዊተር፣ ቀጭኑን ድምፅ ስታወጣ ትልቁ ዉፈር ወፍራሙን ያወጣል። (ስማቸው ከወፍ ጭጭታና ከውሻ ጩኸት የመጣ ነው።) ሰብዉፈር ደግሞ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ገደማ ያለውን፣ ይኸውም የከበሮውንና የቤዝ ጊታሩን ጉርምርምታ ለማውጣት ለብቻው የተሠራ ነው። «2.1» ማለትም ሁለት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር ማለት ነው።

ጎረቤትን የሚያጣላውም ይኸው ሰብዉፈር ነው። ወፍራም ድምፅ ግድግዳና ወለልን በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ በኮንዶሚኒየም ከታች የሚኖረው ሰው ዜማው ሳይሰማው ድብደባው ብቻ ይደርሰዋል። ሌሊት ፈረቃ ሠርታ ቀን የተኛች እናት ምን ትበል? ሳጥኑን ጥግ ማስያዝ ጉርምርምታውን ያብሰዋል፤ ከጥጉ አራቆ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ማድረግ ጥቂት ያቀልለዋል። የቤዙን ቁልፍ ዝቅ ማድረግ ግን ከሁሉም ይሻላል።

ስለ ልጆች ጆሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መጠን በሳምንት 40 ሰዓት እስከ 75 ዴሲቤል ነው፤ ለዐዋቂ 80 ነው። መለኪያ በሌለበት ቤት፣ አጠገብ ላጠገብ ሆኖ ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ድምፁ በዝቷልና ይቀነስ፤ ሕፃናትም ከስፒከሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው አይጫወቱ።