የኮሌስትሮል ቁጥር ምን ይነግረናል?

ደማችሁን ተመርምራችሁ የላቦራቶሪውን ወረቀት ስትቀበሉ ዓይናችሁ ፈጥኖ የሚያርፈው «ጠቅላላ ኮሌስትሮል» ከሚለው መሥመር ላይ ነው። ከ200 በታች ከሆነ እፎይ ትላላችሁ፤ ከበለጠም ትደነግጣላችሁ። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ብቻውን ለእፎይታም ሆነ ለድንጋጤ አያበቃም።

ኮሌስትሮል በራሱ መርዝ አይደለም። ጉበታችን የሚሠራው ከመሆኑም ሌላ ለሕዋሳትና ለአንዳንድ ሆርሞኖች መሠሪያ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በደም ውስጥ በዝቶ ወደ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ሲሰርግ ነው። እዚያም ያለ አንዳች ሕመም ለዓመታት ይጠራቀማል። አንድ ቀን ክምችቱ ሲሰነጠቅ በላዩ ደም ይረጋና ቧንቧው ይዘጋል። ይህ በልብ ላይ ሲደርስ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ላይ ሲደርስ ደግሞ ስትሮክ ይሆናል።

በአሜሪካ ፍሬሚንግሃም በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረውና 5,209 ወንዶችንና ሴቶችን የተከታተለው ጥናት፣ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎች በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ በ1961 አስረድቷል። ነገር ግን ከታመሙት መካከል ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከጤነኞቹ እምብዛም የማይለይ ብዙዎች መሆናቸውም ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ምክንያቱም ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው በተለያዩ ተሸካሚዎች ነው። ኤል ዲ ኤል የተባለው ወደ ቧንቧው ግድግዳ ያስገባዋል፤ ኤች ዲ ኤል የተባለው ግን ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል።

እስቲ ሁለት እናቶችን እናስብ። የሁለቱም ጠቅላላ ቁጥር 220 ነው። የአንደኛዋ ኤች ዲ ኤል 70፣ የሁለተኛዋ 35 ነው እንበል። ኤች ዲ ኤሉን ከጠቅላላው ስንቀንስ ለመጀመሪያዋ 150፣ ለሁለተኛዋ 185 ይቀራል። ቧንቧን የሚያሰጋው ይህ ቀሪው ነው፤ ከ130 በታች ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ላይ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ ወይም ሲጋራ ከተጨመረ ያው ቁጥር እጅግ የከፋ ትርጉም ይኖረዋል። ሐኪሙ ስለ እነዚህ ሁሉ የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም።

ሴቶች ልብ ልትሉት የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። የወር አበባ ሲያርጥ ኤል ዲ ኤል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በ40 ዓመት ዕድሜ የተገኘው መልካም ውጤት ለ55 ዓመት ዋስትና አይሆንም። በእርግዝና ወቅትም ኮሌስትሮል በተፈጥሮ ስለሚጨምር ያን ጊዜ የተገኘ ቁጥር ያሳስታል።

ወደ ማእድ ቤት እንግባ። በአንዳንድ የፓልም ዘይት ጀሪካን ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ ይታያል። እውነት ነው፤ ከእጽዋት የተገኘ ዘይት ሁሉ የለውም። ነገር ግን በብርድ ጊዜ የሚረጋው ዓይነት ቅባት፣ ቅቤም ሆነ ፓልም፣ በሰውነታችን ውስጥ ኤል ዲ ኤልን ከፍ ያደርጋል። የኑግና የሱፍ ዘይት ከዚህ ይሻላሉ። የፓልም ዘይት በዋጋው ረከስ ስለሚል ለብዙ ቤተሰብ ምርጫው ቀላል አለመሆኑ አይካድም፤ በዚህ ጊዜ ወጡ ላይ የሚፈሰውን መጠን መቀነስ ይቻላል።

ኤል ዲ ኤሏ 190ና ከዚያ በላይ የሆነባት እናት ግን በአመጋገብ ብቻ አትመለስም፤ ሕክምና ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለው ከፍታ አንዳንድ ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ነው። ከሆነም እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ስለሆነ፣ ልጆቹ ጤነኛ መስለው ቢታዩም ሳያድጉ ደማቸው ይመርመር።